የሮችዴል ቦሮ አስተዳደር፦ እንደ አገልግሎት ሲመዘን

የእንግሊዝን ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር ምክር ቤት፣ እንደ ምግብ ቤት ወይም እንደ ስልክ ኩባንያ መገምገም እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ሂሳብ የሚልክና በምላሹ አገልግሎት ለመስጠት ቃል የሚገባ ተቋም ስለሆነ፣ ከፋዩ ሊመዝነው ይገባል። እንደ ሌላ ደንበኛ ተናዶ ወደ ጎረቤት ሱቅ መሄድ ግን አይችልም፤ ካውንስል ለመቀየር ቤት መቀየር ያስፈልጋል። እኔ የምመዝነው ከማንቸስተር ሰሜን ምሥራቅ፣ በፔናይን ኮረብታዎች ግርጌ የሚገኘውን የሮችዴል ሜትሮፖሊታን ቦሮን (ቦሮ ማለት በአንድ ካውንስል የሚተዳደር አካባቢ ነው) ሲሆን፣ መለኪያዬም አንድ ጥያቄ ነው፦ ነዋሪው ችግር ሲገጥመው ጉዳዩ የማን እንደሆነ በቀላሉ ያውቃል ወይ?

ቦሮው በአሁኑ ቅርጹ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ያን ጊዜ ሮችዴል፣ ሄይውድ፣ ሚድልተን፣ ሊትልቦሮ፣ ሚልንሮውና ዋርድል የየራሳቸውን አስተዳደር ትተው በአንድ ስም ሥር ተጠቃለሉ። አንድ ስም ግን አንድ ከተማ አላደረጋቸውም። ሚድልተን ከማንቸስተር ጋር ድንበር የሚጋራ፣ የፖስታ ኮዱም በማንቸስተር ፊደል የሚጀምር ሲሆን፣ የሮችዴል ከተማ የፖስታ ኮድ ደግሞ የጎረቤቱን የኦልድሃምን ፊደላት ይዟል። ካውንስሉ ይህን ልዩነት አልካደውም፤ ቦሮውን ሮችዴል፣ ሄይውድ፣ ሚድልተንና ፔናይንስ በሚባሉ አራት ታውንሺፖች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የአካባቢውን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ አቋቁሟል። በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች እንደሚታየው ከካውንስሉ በታች ሌላ የፓሪሽ ምክር ቤት ስለሌለ፣ ይህ አደረጃጀት ለሰፈር ሰው ዋጋ አለው፤ በግምገማዬም ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ምክር ቤቱ 60 አባላት አሉት፤ ዋርድ ከሚባሉ 20 የምርጫ ክልሎች ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ይመረጣሉ። ምርጫው በመደበኛው አሠራር በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይካሄዳል፣ በየጊዜውም ሲሶው ወንበር ለውድድር ይቀርባል። አራተኛው ዓመት ክፍት የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ለፈረሰው፣ ማንቸስተርንና ሮችዴልን ጨምሮ አሥር ቦሮዎችን ለሚይዘው የግሬተር ማንቸስተር ካውንቲ ምክር ቤት ምርጫ ተብሎ የተተወ ቦታ ነው። ምክር ቤቱ ፈረሰ፣ ክፍተቱ ቀረ። የወርቅ ሐብል አንገቱ ላይ አድርጎ በበዓላት ላይ የሚታየው የቦሮው ከንቲባ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የክብር ሹም ሲሆን፣ ሥልጣኑ ያለው በካውንስሉ መሪና በካቢኔው እጅ ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ነዋሪ አቤቱታውን ለተሳሳተ ሰው ቢጽፍ አይፈረድበትም።

በዚያ ላይ ሌላ ከንቲባ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለመላው ግሬተር ማንቸስተር የሚመረጠው ከንቲባ፣ በአሥሩ ቦሮዎች የጋራ ባለሥልጣን በኩል ትራንስፖርትን፣ እንዲሁም የፖሊስንና የእሳት አደጋን ጉዳይ ይዟል። ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ሰነድ ካውንስል ታክስ የሚባለው የቤት ግብር ሂሳብ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ጠቅላላውን ድምር አይተን እናስቀምጠዋለን። ወረቀቱ በጥንቃቄ ሲነበብ የካውንስሉ ድርሻ፣ ለአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ የሚውለው፣ ለፖሊስ የሚሄደውና የግሬተር ማንቸስተር ከንቲባ ድርሻ ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ። ቆሻሻን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ቢኑን ከደጃፍ የሚያነሳው የሮችዴል ካውንስል ሲሆን ከተነሳ በኋላ የሚያስወግደው ግን የጋራ ባለሥልጣኑ ነው።

የግብሩ ስሌት ራሱ አስገራሚ ነው። ቤቶች ከኤ እስከ ኤች በሚባሉ ደረጃዎች የተደለደሉት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1991 በነበራቸው ዋጋ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት እንኳ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይገመታል። የኤች ደረጃ ቤት የሚከፍለው የኤ ደረጃውን ሦስት እጥፍ ብቻ ነው፤ በዋጋ ያለው ርቀት ግን ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል። እንደ ሮችዴል ብዙው ቤት በዝቅተኞቹ ደረጃዎች በሚገኝበት ቦሮ፣ ግብሩ በመቶኛ እኩል ቢጨመርም የሚሰበሰበው ገንዘብ ሀብታም ከሆኑት ቦሮዎች ያነሰ ነው። ስለዚህ ለአገልግሎቱ መቀነስ ሁሉ ካውንስሉን ብቻ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ቅናሽ እንደሚያገኝ ግን አይዘንጋ፤ ማመልከት ያስፈልጋል።

የተከፋፈለው ሥልጣን ጥሩ ያመጣበትም ቦታ አለ። ከማርች 2024 ጀምሮ የሮችዴል አውቶቡሶች ቢ ኔትዎርክ በሚባለው የሕዝብ ቁጥጥር ሥርዓት ገብተዋል፤ ኩባንያዎቹ ይነዳሉ፣ መስመሩንና ዋጋውን የሚወስነው ግን የጋራ ባለሥልጣኑ ነው። ቢጫዎቹን አውቶቡሶች ያየ ሰው ኃላፊው ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

በቤት ረገድ ግን የሆነው የተለየ ነው። ካውንስሉ የራሱን ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ለሮችዴል ቦሮዋይድ ሃውሲንግ አስተላልፏል፤ ይህም ተከራዮችና ሠራተኞች በጋራ ባለቤት የሚሆኑበት ማኅበር ነው። በ1844 የሮችዴል አቅኚዎች በቶድ ሌን የኅብረት ሥራ ሱቃቸውን በከፈቱበት ከተማ ይህ ተገቢ ምርጫ ይመስል ነበር። በዲሴምበር 2020 ግን አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ከማኅበሩ ቤቶች በአንዱ፣ በግድግዳ ሻጋታ ምክንያት ሞተ። የሱዳን ተወላጅ የሆኑት ወላጆቹ ደጋግመው አመልክተው ነበር፤ አባቱ ገና በ2017 ሲያመለክት የተሰጠው ምላሽ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ እንዲያስወግዱ የሚያስገድደው ሕግ በሕፃኑ ስም ይጠራል። በባለቤትነት የተጻፈ ተከራይ እንኳ የሚሰማው ካጣ፣ መዋቅሩ በወረቀት ላይ ማማሩ ምንም አይፈይድም።

ለጎብኚ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1871 የተከፈተው ይህ ጎቲክ ሕንፃ ለዓመታት ከታደሰ በኋላ በማርች 2024 እንደገና ለሕዝብ ተከፍቷል፤ በታላቁ አዳራሽ ያለው የማግና ካርታ ሥዕልና የጣሪያው ጌጥ ብቻውን ለመንገዱ ይበቃል። የዕለት ተዕለቱ የካውንስል ጉዳይ ግን የሚፈጸመው በአቅራቢያው ባለው ነምበር ዋን ሪቨርሳይድ በሚባለው አዲስ ሕንፃ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም እዚያው ነው።

ለእኛ ሰው የሚቀረው ትልቁ ጉድለት ድምፅ ነው። በካውንስል ምርጫ የብሪታንያ፣ የአየርላንድና መስፈርቱን የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ አገሮች፣ እንዲሁም አንዳንድ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜጎች ይመርጣሉ፤ ከኬንያ የመጣ ጎረቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ቢኖረውም የብሪታንያን ዜግነት እስኪያገኝ አይመርጥም። የካውንስል ታክሱን ግን እኩል ይከፍላል። የዋርዱን ሦስት ካውንስለሮች ማነጋገር ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ ስማቸውና አድራሻቸው በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በየዋርዱ ተዘርዝሯል።