የፑላችንን ውኃ ለመለሱልን አባት፦ ላስ ቬጋስ ላላችሁ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። የፑላችንን (የዋና ገንዳችንን) ፊልተር ስላስተካከሉልን ሰው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ። ሥራ በተሠራ ማግሥት ማመስገን ቀላል ነው። እኔ ግን ሰው ጠቁሜ በኋላ «ምነው እንዲህ ያለ ሰው ላክሽብን» መባል አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ሰመር ከነሙቀቱ እስኪያልፍ ታገስኩ። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ቤቱን ስንገዛ ፑሉም ውኃውን የሚያጣራው ፊልተርም አብረው ነው የመጡት። ልጆቼ ዋና የተማሩት እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው። ላስ ቬጋስ የምትኖሩ ሰመር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 120 ፋራናይት ገብቶ የከተማው ሪከርድ ተሰበረ። ልክ በዚያው ሳምንት ነው ውኃችን የተበላሸው። መጀመሪያ የወተት እጣቢ መሰለ። ከዚያ አረንጓዴ ጀመረው። በአራተኛው ቀን የፑሉ ወለል ጭራሽ አይታይም ነበር። ልጆቹን ከለከልኳቸው። ወለሉ በማይታይ ውኃ ውስጥ ልጅ ቢሰምጥ ማን ያየዋል? ያ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። የምሠራው ማታ ስለሆነ ቀን ልተኛ ስል ጆሮዬ ጓሮው ላይ ነበር።

አንድ የፑል ድርጅት ጠራን። ስሙን አልጠራም። ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ዓይነት ኬሚካል ጨመሩ። ውኃው ለአንድ ቀን ጠራ ይልና ተመልሶ ይደፈርሳል። በመጨረሻ «ፓምፑም ፊልተሩም ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፣ ይቀየሩ» ብለው 2,400 ዶላር ጠየቁን። የፊልተሩን ክዳን ግን አንድም ቀን ከፍተው አላዩም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት እህት ሳጫውታት «እኛ ቤት የሚመጡ ጋሼ አሉ፣ እሳቸው ሳያዩት ሰባራ ሳንቲም እንዳታወጪ» አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር 5:30 ላይ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ በራችን ላይ ቆመው ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የነኩት ውኃውን አይደለም። ቀጥታ ወደ ፊልተሩ ሄዱና የግፊት መለኪያውን አዩ። 26 ይላል። «ንጹሕ ሆኖ ሲሠራ ስንት ነበር?» አሉኝ። ማንም ጽፎልን አያውቅም። ባክዋሽ አደረጉት፤ ማለትም ውኃው በተቃራኒ ከታች ወደ ላይ ሄዶ አሸዋውን እንዲያጥበው። እንደገና አዩት። 25። ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው። አሸዋው ነው ያለቀለት» አሉኝ።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። ፊልተሩ ከፓምፑ አጠገብ የሚቆመው ጋን የመሰለ ዕቃ ነው። ሆዱ ውስጥ አሸዋ አለ። ውኃው ከላይ ይገባል፣ በአሸዋው መሀል ቁልቁል ያልፋል፣ እድፉ እዚያው ይቀራል። ከጋኑ ሥር ደግሞ ዙሪያውን እንደ ጣት የተዘረጉ፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ያላቸው ፕላስቲኮች አሉ። ላተራል ይባላሉ። ንጹሑ ውኃ በእነሱ በኩል ወጥቶ ወደ ፑሉ ይመለሳል። አሸዋው ተራ አሸዋ አይደለም። ቁጥር 20 የሚባል ሲሊካ ነው፤ አንዱ ፍሬ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከጤፍ ያነሰ። የግንባታ አሸዋ ወይም ለልጆች መጫወቻ የሚሸጠው አይሆንም። ደቃቁ በላተራሉ ስንጥቅ ሾልኮ ፑል ውስጥ ይገባል።

ክዳኑን ሲከፍቱ አጠገባቸው ነበርኩ። ጋሼ እጃቸውን ሰደዱና የብርቱካን ያህል ድርቅ ያለ ነገር አወጡ። «ያዢው» አሉኝ። አሸዋ ነው፣ ግን ድንጋይ ሆኗል። በአውራ ጣቴ ብጫነው አልፈርስ አለ። ውጩ የጸሐይ ቅባት የመሰለ ልዝብ ነገር አለው፣ ሲሰበር ውስጡ ነጭ ነው። ነጩ የውኃችን ካልሲየም ነው። የምንጠቀመው ውኃ አብዛኛው በኮሎራዶ ወንዝ ተጉዞ ሌክ ሚድ ላይ የሚጠራቀመው ነው፣ ማዕድኑም ብዙ ነው። ኬትላችሁ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት፣ ሻወር መስታወት ላይ የሚደርቀውን ነጠብጣብ አስቡት። ፑል ላይ ደግሞ ፀሐዩ ውኃውን ያተነዋል፣ ማዕድኑ ይቀራል፣ እኛ ሌላ ውኃ እንጨምራለን። አሸዋው በዚህ ላይ የሰው ላብና ቅባት ሲጨመርበት ይጋገራል። ከዚያ ውኃው በጓሉ መሀል ቀዳዳ ይፈልግና ሳይጣራ ያልፋል። ጋሼ እንዳሉኝ አሸዋ በአምስት ወይም በሰባት ዓመት መቀየር አለበት። የእኛ ከገዛን በኋላ ተቀይሮ አያውቅም። ከኛ በፊትም ስንት ዓመት እንደቆየ እግዜር ይወቀው።

ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡልኝ አሉና ማስክ አጠለቁ። የሲሊካ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው። አሸዋውን በትልቅ የውኃ ቫኪዩም እየሳቡ፣ ሥር ሲደርሱ በእጃቸውና በፕላስቲክ ኩባያ እየጨለፉ አወጡት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ላተራሎቹ እንዳይሰበሩ ብረት ነገር አልተጠቀሙም። ባዶ ሲሆን አንዱ ላተራል ተሰንጥቆ አገኙት። ለካ ፑሉ ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ ጠርጌ የማልጨርሰው አሸዋ ከዚያ ነው የሚመጣው! ድርጅቱ «ንፋስ ያመጣው ነው» ብሎኝ ነበር።

አዲሱን ሲሞሉ የሠሩትን በደንብ ተመለከትኩ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ጋኑን እስከ ግማሽ ውኃ ሞሉት። አሸዋው ከላይ ሲወርድ ውኃው ላይ ስለሚያርፍ ላተራሉን አይሰብርም። መሀል ያለውን ቀጥ ያለ ቱቦ አፉን በቴፕ ሸፈኑት። አንዲት ጭብጥ አሸዋ እዚያ ብትገባ በቀጥታ ፑል ውስጥ ነው የምትወጣው። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ቱቦውን መሀል ላይ እያስተካከሉ፣ 50 ፓውንድ የሚመዝን ስድስት ከረጢት ገለበጡ። የእኛ ባለ 24 ኢንች ስለሆነ 300 ፓውንድ ነው የሚወስደው። የእናንተ ይለያል፤ ጋኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የክዳኑን ጎማ በሲሊኮን ቅባት አሹት፤ ቫዝሊን ጎማውን ይበላዋል ብለው ከለከሉን።

ሲጨርሱ ውኃው የሚሄድበትን መንገድ የሚቀይረውን የፊልተሩን እጀታ ወዲያው «ፊልተር» ወደሚለው አላዞሩትም። መጀመሪያ ባክዋሽ፣ የሚወጣው ውኃ በማያዋ ትንሽ መስታወት በኩል ጥርት ብሎ እስኪታይ። ቀጥሎ ሪንስ፣ ማለትም ማለቅለቅ። ከዚያ ፊልተር። በየመሀሉ ፓምፑን ያጠፋሉ። ፓምፑ እየሠራ እጀታውን ማዞር ውስጡ ያለውን ጎማ ይቀድደዋል፤ ባለቤቴ ለዓመታት ሲያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። እድፋሙን ውኃም በቱቦ ከቤቱ ጎን ወዳለው የፍሳሽ አፍ ላኩት እንጂ መንገድ ላይ አላፈሰሱትም። እዚህ ከተማ በፍሳሽ መስመር የሄደ ውኃ ታክሞ ሌክ ሚድ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ያስቀጣል።

መለኪያው 13 አለ። ጋሼ በማርከር ጋኑ ላይ «13» ብለው ከነቀኑ ጻፉልን። «ከዚህ ስምንት ወይም አሥር ሲጨምር ባክዋሽ አድርጊ። ባይጨምር አትንኪው» አሉኝ። ከዚያ ክሎሪኑንና ፒኤቹን (የውኃውን አሲድነት) አስተካከሉ። ሲሄዱ ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ጥልቁ ጋ ወረወሩ። «ከላይ ቆመሽ ዘውድ ይሁን ጎፈር መለየት ስትችዪ ልጆቹ ይግቡ።»

ሐሙስ ማታ ትልቋ ልጄ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ «እማዬ፣ ሰውየው ይታያል! አፍንጫው ይታያል!» ብላ ጮኸች። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ።

የከፈልነው በጠቅላላ፣ ከአሸዋውና ከላተራሎቹ ጋር፣ 380 ዶላር ነው። የአሸዋውን ደረሰኝ በእጄ ሰጡኝ፣ አንድ ዶላር አልጨመሩበትም። ቡና አፍልቼ ነበር፤ አቦሉን ጠጥተው «ቀጣዩ ሰው ይጠብቀኛል» ብለው ተነሡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደውለው «መለኪያው ስንት ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡልዎት ልጆችዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ዘንድሮም መለኪያችን 14 ላይ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሄንደርሰንና ሰሜን ላስ ቬጋስም ይሄዳሉ። ከመደወላችሁ በፊት የፊልተሩን ጋን መጠንና መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። በሰመር የሚሠሩት ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ስለሆኑ አትደውሉላቸው።