ደወልን ከአጋዘን ፈለግ ለመለሱልን አሰልጣኝ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው አንድ የአዳኝ ውሾች አሰልጣኝን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ውሻችሁ ያልተፈለገ አውሬ እያባረረ ላስቸገራችሁም እሳቸውን ልጠቁማችሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እኛ ደንበኞቻቸውም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው።

ውሻችን ደወል ቢግል ከሚባለው የአዳኝ ውሻ ዝርያ ናት። ስሟን ያገኘችው በድምጿ ነው፤ ፈለግ ስታገኝ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል። ሥራዋ ጥንቸል ማደን ነው። ጥንቸል ስትባረር ከምታውቀው አካባቢ መራቅ ስለማትወድ ዞራ ዞራ ወደተነሳችበት ትመለሳለች። ስለዚህ አዳኙ አንድ ቦታ ቆሞ ውሻውን በጆሮው እየተከተለ መጠበቅ ይችላል። አጋዘን ግን እንዲህ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ደወል የአጋዘን ፈለግ ከያዘች ድምጿ ከጆሮ ይጠፋና ወዴት እንደሄደች የሚነግረን አንገቷ ላይ ያለው ጂፒኤስ ብቻ ይሆናል። በስልኩ ካርታ ላይ የሚታየው ክብ የነበረ መስመር በድንገት ቀጥ ብሎ ወደ አውራ ጎዳናው ሲያመራ ማየት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ጉዳዩ ውሻ የማጣት ስጋት ብቻም አይደለም። ያረገዘች አጋዘን መኖ በሳሳበት ወቅት ስትሮጥ የምታባክነውን ጉልበት መልሳ አታገኘውም። በብዙ አገሮች አጋዘንን በውሻ ማባረር በሕግ የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተገደበ ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ባለቤቱ ነው። የጎረቤትን ይዞታ ጥሶ የገባ ውሻ የሚያመጣውን ጠብ ሳንቆጥር ማለት ነው።

ከጋሼ በፊት የሄድንበት አሰልጣኝ ነበር። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ደወልን ጫካ ለቆ፣ ጥንቸል ላይ ትሁን አጋዘን ላይ ሳያይ፣ ከሩቅ ሆኖ ውሻን በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን የአንገት ማሰሪያ ቁልፍ ይጫን ነበር። ውጤቱ ጫካ ዳር ስትደርስ ጭራዋን ቆልፋ እግራችን ስር የምትወሸቅ ውሻ ሆነች። አጋዘኑን ግን አልተወችም፤ ፍርሃቱ ሲለቃት እንደገና ትከተለው ነበር። ጋሼ ይህን ታሪክ ሰምተው ስለዚያ ሰው አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁት ስለ ውሻዋ ብቻ ነው፦ ዕድሜዋ ስንት ነው? መጀመሪያ አጋዘን ያባረረችው ብቻዋን ነው ወይስ ከሌላ ውሻ ጋር? ስትጠራ ትመጣለች? የምትመጣው ቤት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? የእንስሳት ሐኪም በቅርቡ አይቷታል? የጆሮ ሕመም ያለበት ውሻ «እምቢተኛ» እየተባለ ስንት ጊዜ እንደሚቀጣ ያኔ ነው የነገሩኝ።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ደወል አጋዘንን ከጥንቸል መለየት ፈጽሞ አልተሳናትም የሚለው ነው። የሰው አፍንጫ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ የማሽተት ተቀባዮች አሉት ሲባል፣ የውሻው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ደግሞ ውሾች አንድ ሰው ወዴት አቅጣጫ እንደሄደ ከ5 ዱካዎች ብቻ መለየት እንደሚችሉ አሳይቷል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያላት ውሻ ምን እየተከተለች እንደሆነ ታውቃለች። ያላወቀችው የትኛው የእኛ ሥራ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ነው። ጋሼ «አፍንጫዋን አንነካም፤ ምርጫዋን ነው የምናስተምረው» ይሉ ነበር። ሥራቸው ሁሉ ከዚህች አባባል አልወጣም።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫካ የሚባል አልነበረም። ልምምዱ በሜዳ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ነይ» እና «ተይው»። ደወል ረጅም ገመድ ታስራ፣ ገመዱም ከአንገቷ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያዋ ተያይዞ ትሠራለች። በሩጫ ላይ ገመዱ ድንገት ቢወጠር አንገቷ እንዳይጎዳ ነው። «ተይው» ሲባል መጀመሪያ ከመሬት ላይ ምግብ ትተዋለች፣ ቀጥሎ የሚንከባለል ኳስ፣ ቀጥሎ የሚሮጥ ዶሮ። በተወች ቁጥር የተሻለ ነገር ታገኛለች። ጋሼ ሽልማቱን የሚሰጡበት ፍጥነት አስደንቆኛል፤ ጭንቅላቷን ባዞረችበት ቅጽበት እንጂ ወደ እሳቸው ከደረሰች በኋላ አይደለም። ውሻ ሽልማቱንም ቅጣቱንም የሚያያይዘው በዚያች ሰከንድ ከሚያደርገው ነገር ጋር ነውና። ከአጋዘን ሩጫ ደክሞ የተመለሰን ውሻ መግረፍ ለምን ከንቱ እንደሆነም የገባኝ በዚሁ ነው። የተቀጣው መምጣቱ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚተወውም መምጣቱን ይሆናል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ደወልን አጋዘን ባለበት ጫካ እንዳንለቃት ከለከሉን፤ በዚህም አልተደራደሩም። ለአዳኝ ውሻ ሩጫው ራሱ ሽልማት ነው፤ መያዝ አያስፈልጋትም። አንዳንዴ ብቻ የሚሸለም ጠባይ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይበልጥ ለማጥፋት እንደሚያስቸግር ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከስኪነር ዘመን ጀምሮ በባህርይ ሳይንስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከብዙ ቀን ልምምድ በኋላ አንድ ቀን ብታመልጥና አጋዘን ብታባርር የኋላው ሁሉ ይበላሻል። የአደን ወቅት እያለፈብን ለቆምን ሰዎች ይህ ቀላል ትዕዛዝ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ስለጸኑብን አመሰግናቸዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የጠረን ትምህርት ነው፤ የጋሼ ጥበብ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አጋዘን በኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይና በጣቶቹ መካከል ጠረን የሚያመነጩ እጢዎች አሉት። ሲራመድ መሬቱ ላይ የሚተወው ጠረን ከፊሉ ከእነዚህ የሚመጣ ነው። ጋሼ በሕጋዊ አደን ከተገኘ እግር ላይ የተወሰደ ቆዳ አላቸው፤ በጓንት እንጂ በእጃቸው አይነኩትም። በእጅ ከተነካ ውሻዋ የአጋዘንና የጋሼን ጠረን አንድ ላይ ትማራለች፣ እሳቸው በሌሉበት ግን ትምህርቱ አይሠራም። ቆዳውን በገመድ እየጎተቱ ሜዳው ላይ ፈለግ ይሠራሉ። በሌላ ቀን የጥንቸል ቆዳ ጎትተው ሌላ ፈለግ ይሠራሉ። በመጨረሻ ሁለቱን ያቋርጧቸዋል።

ደወል የጥንቸሉን ፈለግ እየተከተለች መገናኛው ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ወደ አጋዘኑ ዞረ። ጋሼ አልጮኹም። ገመዱ ላይ ቆመው ጠበቁ፣ በረጋ ድምፅ «ተይው» አሉ። ጭንቅላቷን ባነሳች ቅጽበት ምግብ አልሰጧትም፤ ገመዱን አላልተው ወደ ጥንቸሉ ፈለግ ለቀቋት። ትልቁ ሽልማት ያ ነበር፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ሥራ መሥራት። አጋዘኑን መተው የጥንቸሉን በር እንደሚከፍት በተደጋጋሚ ስታይ፣ መገናኛው ላይ ሳትነገር መዞር ጀመረች። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምም። ቦታው ይቀያየራል፣ ማለዳና ምሽት፣ እርጥብ መሬትና ደረቅ መሬት፤ ውሻ አንድ ሜዳ ላይ የተማረውን ሌላ ሜዳ ላይ በራሱ አያዛውርምና። በመጨረሻም ከጋሼ ሽማግሌ ውሻ ከታጋሽ ጋር አብራ ትለቀቃለች። ታጋሽ አጋዘን ከፊቱ ቢነሳ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ወጣት ውሻ ደግሞ ከሰው ይልቅ ከውሻ ይማራል። ተቃራኒውም እውነት ስለሆነ አጋዘን የሚያባርር አንድ ውሻ ያለበት መንጋ ውስጥ ደወልን እንዳናስገባት አስጠንቅቀውናል።

ስለ ኤሌክትሪክ ማሰሪያ ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ጋሼ ለደወል አልተጠቀሙበትም። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ብቻ እንደሚጠቀሙ ግን አልደበቁኝም። በዌልስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለውሻም ለድመትም የተከለከለ ነው፤ ሌሎች አገሮችም ከልክለዋል። በእሳቸው ዘንድ መሣሪያው መጀመሪያ የሚነሳ ነገር አይደለም። ውሻው «ተወው» የሚለውን ቃል በሚገባ ማወቅ አለበት፣ የንዝረቱ ደረጃ ውሻው ጆሮውን ቀና ከሚያደርግበት ዝቅተኛው ልክ አያልፍም፣ ማሰሪያውም ቆዳ እንዳያቆስል ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ አይቆይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጋዘኑን በዓይናቸው ካላዩ ቁልፉን አይነኩም። የውሻ ድምፅ ሰምተው ምን እንደሚያባርር በመለየት የሚተካከላቸው አላውቅም፤ እንዲያም ሆኖ በጆሮ ብቻ አይፈርዱም። ትክክለኛ ፈለግ ላይ ያለ ውሻ በስህተት ከተቀጣ የሚማረው ጥንቸል እንደሚያም ነው። ያን መመለስ አጋዘን ከማስተው ይከብዳል። ደወል ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ፍርሃቷን ለማስለቀቅ የወሰደው ጊዜ ከትምህርቱ ጊዜ አያንስም።

ችግሩ አዲስ አለመሆኑ ያጽናናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ጥንቸል አዳኝ ውሾች ቀበሮ እንዲያባርሩ እንዳይፈቀድላቸው አጥብቆ መክሯል። ውሾቹን ያበላሻቸዋል፣ በሚፈለጉበት ጊዜም አይገኙም ነበር ያለው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ሰውየው ውሻ ነበረው ማለት ነው» ብለው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለፈው የአደን ወቅት ደወል ጥንቸል ላይ እያለች ሁለት አጋዘኖች ከቁጥቋጦው ውስጥ ከፊቷ ተነሱ። ቆመች፣ አየቻቸው፣ አፍንጫዋን ወደ መሬት መልሳ ጩኸቷን ካቆመችበት ቀጠለች። አብረውኝ የነበሩት አዳኞች ተያዩ። እኔ መናገር አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጥቆማው። ጋሼ ለሁሉም ሰው አይሆኑም። ውሻውን ጥላችሁ ሄዳችሁ «ተስተካክሎ» የምትወስዱበት ቦታ ከፈለጋችሁ አይቀበሏችሁም። ባለቤቱ ራሱ ገመዱን መያዝ አለበት፤ ደወል የምትኖረው ከእኔ ጋር እንጂ ከእሳቸው ጋር አይደለምና። መቶ በመቶ የሚል ቃልም አይሰጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ ጥንታዊ ደመ ነፍስን ማጥፋት እንደማይቻል፣ ልምምዱም ውሻዋ እስካለች እንደሚቀጥል በግልጽ ነግረውኛል። እኔን ያሳመነኝ ይህ ቅንነታቸው ነው።

ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ችግሩ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። በጎችን፣ ዶሮዎችን፣ ከብቶችን በገመድ ሆኖ በእርጋታ እንዲያይ ማድረግ ኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል። ጋሼ ለቡችላ ባለቤቶች ይህን ምክር ያለ ክፍያ ነው የሚሰጡት።

ልታገኟቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የውሻውን ዝርያና ዕድሜ፣ የሚያድነውን አውሬ፣ የሚያባርረውን ያልተፈለገ አውሬ፣ መቼ እንደጀመረና ሜዳ ላይ ሲጠራ ይመጣ እንደሆነ ግለጹ። ከዚህ በፊት የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ተደርጎለት ከሆነ እሱንም አትደብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፦ ደወልን እንደ ራስዎ ውሻ ስላዩልን፣ እኔንም ሳይሰለቹ ስላስተማሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልን። ታጋሽንም ሰላም በሉልን።