ንጉሥ ፊት የሚያስቆም እንግሊዝኛ፣ በወር 800 ብር

ባሕር ዳር የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ቤት ሞልቷል። አብዛኛው «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ባነር ሰቅሎ «ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፋይን» ሲያስብል ይከርማል። ይሄኛው ባነርም የለው። ከሐይቁ ዳር መንገድ ገባ ብሎ፣ ማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ነው። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ከታች የማማርርባቸው ነገር ስላለ ስማቸውን አልጽፍም። ወደቡ ላይ ጀልባ ያለውን ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። የጣና ገዳማት፣ ዘጌ፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ክብራን ገብርኤል የእንጀራዬ መንገድ ናቸው። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ከግድግዳ ግድግዳ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አልቸገርም። የሚቸግረኝ መለመንና መከልከል ነው። ክብራን ሴት አይገባም። ባልና ሚስት ይዤ ስሄድ ባልየው ወደ ገዳሙ ይወጣል፣ ሚስትየዋ ከእኔ ጋር ጀልባው ላይ ትቀራለች። «ዉመን ኖ» ብሎ የሚገላገል አስጎብኚ አለ፤ የሴቶቹ ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ። በአማርኛ ቢሆን «ቢቻልማ እኔም አብሬዎ በገባሁ፤ ምን ይደረግ፣ ሥርዓቱ ሆኖ ነው» ብዬ አለሳልሰው ነበር። የተመዘገብኩት ያንን ማለሳለሻ ፍለጋ ነው።

እና አለ። ጋሼ የሚያስተምሩት የድሮውን የእንግሊዞች ትሕትና ነው፤ አንድ ሰው ምኞቱን ትልቅ ሰው ፊት እንዴት እንደሚያቀርብ። ሰዋስው እንዲህ ሲብራራ ሰምቼ አላውቅም። ሰሌዳው ላይ «ጎድ ሴቭ ዘ ኪንግ» ብለው ጻፉና (ለ70 ዓመት «ኩዊን» ሲባል ኖሮ በእነሱ አቆጣጠር ከ2022 ወዲህ ወደ «ኪንግ» መመለሱንም አልዘለሉም) «ኤሷ የት ሄደች?» አሉን። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ሲሆን ኤስ ይጨመራል የሚለው ሕግ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተኮረኮምንበት ነው። ጸጥ አልን። «እግዜር ያኑርህ እና እግዜር ያኖርሃል አንድ ናቸው?» ሲሉ ግን ሁሉም ገባው። አንደኛው ምኞት፣ ሁለተኛው ወሬ ነው። የድሮው እንግሊዝኛም በዚህ ቦታ ምኞቱን ከወሬው የሚለየው ያቺን ኤስ በመጣል ነበር። ዛሬ ከዚያ የተረፉት «ጎድ ብለስ ዩ»፣ «ሎንግ ሊቭ ዘ ኪንግ»፣ «ሄቨን ፎርቢድ» የመሳሰሉት ናቸው። «ጉድባይ» ራሱ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ» የሚል ምርቃት ነበር፤ በአፍ ሲመላለስ አለቀ እንጂ። ስንትና ስንት ሰው እንደዋዛ ስመርቅ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይገባሉ። «አይ ዊሽ አይ ወር» (ምነው በሆንኩ) የሚለው ለምን «ዋዝ» እንዳልሆነ፣ ሰው ዛሬ የሚፈልገውን ለምን በትናንት ግሥ እንደሚጠይቅ። እኛም እኮ ትልቅ ሰው ቤት ሄደን «አንድ ነገር ላማክርዎ ፈልጌ ነበር» ነው የምንለው፤ ፍላጎታችን ገና በሩ ላይ ቆሞ ሳለ። ጊዜውን ወደ ኋላ ስትገፉት ሰውየው እምቢ የሚልበት ቦታ ያገኛል ይላሉ ጋሼ። «ማይት አይ ትራብል ዩ ፎር ዘ ሶልት» የሚለው ጨው መለመኛም በዚሁ ሒሳብ ነው የተሠራው፤ ከእኛ «ካላስቸገርኩዎ» ጋር ሥጋ ዘመድ ነው።

ምሳሌ የሚያመጡት በ1611 ከታተመው ከንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዳዊት ስለ አቤሴሎም ሲያለቅስ «ዉድ ጎድ አይ ሃድ ዳይድ ፎር ዚ»፤ ጳውሎስ ታስሮ አግሪጳ ፊት ሲናገር «አይ ዉድ ቱ ጎድ»። ታሪኩን ሁላችንም ስለምናውቀው ግሡ ራሱ ነገሩን ይነግረናል። ከሆቴል እንግዳ መቀበያ የመጣች ልጅ «ዛው» የሚለው «እርስዎ» ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች፤ የቤተ ክርስቲያን ቃል መስሏት። ለካ «አንተ» ማለት ነው። «እርስዎ» የነበረው «ዩ» ነው፤ እንግሊዞቹ ቀስ በቀስ «አንተ»ን ጣሉና ውሻውንም ሌባውንም «እርስዎ» ሲሉ ቀሩ። በድሮው ጸሎታቸው ግን ፈጣሪን እንደ እኛው «አንተ» ነው የሚሉት።

እስካሁን ያወራሁት የክፍሉን ጥሩ ጎን ነው።

ችግሩ ጋሼ ድሮውን ከዛሬው የሚለይ አጥር አያሳዩም። «ሹድ» ለእኔና ለእኛ፣ «ዉድ» ለሌላው የሚለው የድሮ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ተናጋሪ ለሁሉም «ዉድ» ይላል። እሳቸው ክፍል ግን «አይ ዉድ ላይክ» ያለ ተማሪ ቆሞ «አይ ሹድ ላይክ» ብሎ እስኪያርም አይቀመጥም። «ፕሊዝ» ራሱ «ኢፍ ኢት ፕሊዝ ዩ» ከሚለው አጥሮ የመጣ መሆኑን ካስተማሩን በኋላ አጭሩን እንደ ስድብ ያዩታል። በፊቱ «ፕሬይ» እና «ፕሪዚ» (እለምንሃለሁ እንደ ማለት) ነበር የሚባለው ብለው እነሱን ያስጠኑናል። አንዱ ባለ ጀልባ ይህን ይዞ ወደቡ ላይ እንግዶቹን «ፕሬይ ቢ ሲትድ» ቢላቸው፣ ጸሎት ሊደረስ ነው ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አይ በግ ዩ» (እለምንዎታለሁ) የተማርን ቀን ደግሞ የክፍሉ ግማሽ በግ መስሎት ሲስቅ ሰዓቱ አለቀ።

ሌላም አለ። ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤ ነው። «አይ ሹድ ቢ ኦብላይጅድ ኢፍ ዩ ዉድ» ብሎ መጀመሩ ጥሩ፤ ለኤምባሲም ለድርጅትም ይሆናል። «ዩር ኦቢዲየንት ሰርቫንት» (ታዛዥ አገልጋይዎ) ብሎ መጨረስን ግን ማን ላይ እንደምሞክረው እንጃ። የሚሰጡን ወረቀት የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ቃል አይነበብም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የለም፤ ጋሼ በጨለማ በቃላቸው ይቀጥላሉ፣ መጻፍ ግን አይቻልም። በዚያ ላይ ማዳመጥ የሚባል ነገር የለም፤ የምንሰማው የእሳቸውን እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ደግሞ እንግዳ ሁሉ እንግሊዝ አይደለም። ፈረንሳይም ቻይናም ጣሊያንም ይመጣል፤ እንግሊዝኛው ለራሱም ሁለተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በ«ማይት አይ ትራብል ዩ» ብታዞሩት ግራ ይጋባል። ለእሱ «ፕሊዝ» እና ፈገግታ ይበቃል። ይህን ማን መቼ እንደሚፈልግ መለየት የአስጎብኚው ድርሻ ነው፤ ጋሼ አያስተምሩትም።

የሄድኩበትን ጉዳይ ግን አግኝቻለሁ። ክብራን ላይ አንዲት ሴትዮ ባላቸው ወደ ገዳሙ ሲወጣ ቀሩ፤ «አይ ዊሽ ዩ ኩድ ጎ አፕ፣ ማዳም። አይ ሹድ ሃቭ ላይክድ ቱ ጎ ማይሰልፍ» አልኳቸው፤ ምነው መውጣት በቻሉ፣ እኔም ራሴ ብወጣ በወደድኩ እንደ ማለት ነው። «አንቺም ወጥተሽ አታውቂም?» አሉኝ። አላውቅም። በየቀኑ ሰው የማመላልስበትን ገዳም ከታች ሆኜ ነው የማውቀው። ከዚያ ሰውየው እስኪወርድ ድረስ ወሬያችን አልተቋረጠም፤ ስመለስም እንጦስ ኢየሱስን ላሳያቸው ብል እሺ አሉ፤ እዚያ ሴትም ይገባል።

ስለዚህ እንግሊዝኛ ጀማሪ ከሆናችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ቦታ ሁለት ደረጃ ጨርሳችሁ ኑ። በእንግዳ መቀበያ፣ በአስጎብኚነት ወይም በጽሕፈት ሥራ ላይ ላላችሁ ግን 800 ብሩ አያስቆጭም። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ዋናው የምኞትና የልመና ትምህርት ስለሆነ እነሱን አትቅሩ፤ ሐሙስን ብትቀሩ ጋሼ ይቀየማሉ እንጂ አይጎዳችሁም። ባትሪ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ በሩ ላይ ፈቃድ ስትጠይቁ ግን «ካን አይ» እንዳትሉ፣ «ማይት አይ» በሉ።