ያገለገለ ጀልባ ለገዛችሁ ሁሉ፦ የእኛን መካኒክ እንካችሁ

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች። ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው፤ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

እኔና ባለቤቴ ብርዱ ሳይወጣ 30 ጫማ የሆነች፣ ዕድሜዋ ከትዳራችን እጥፍ የሚበልጥ የሸራ ጀልባ ገዛን። እሱ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ ውሃ አይፈራም፤ እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ ከላንጋኖ ዳርቻ አልፌ አላውቅም። ጀልባ አሰናድቶ ረጅም መንገድ መሄድ ላይ ግን ሁለታችንም እኩል ባዶ ነበርን። ሐሳባችን ከሜሪላንዷ ዲል ተነስተን፣ ቼሳፒክ ቤይ የተባለውን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረን፣ ማታ ማታ መልህቅ ጥለን እያደርን ሴንት ማይክልስና ሰሎሞንስ የተባሉትን የውሃ ዳር ከተሞች ማየት ነበር። የሸጠልን ሰው «እንከን አይወጣላትም፣ ነገ ተነሱ» ብሎን ሄደ።

ከመካኒካችን ከጋሼ ጋር ያገናኘን አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የቀድሞው ባሕር ኃይል ሰው ናቸው፤ ምጽዋ ሠልጥነው፣ አሜሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ያስተላለፈቻት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ እጃቸው ከጀልባ ናፍጣ ሞተር ተለይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ሞተሩን ያስነሳሉ ብለን ስንጠብቅ ዞር ብለውም አላዩት። የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው የወለሉን ክዳን አነሱና «ጀልባችሁ ስንት ቀዳዳ አላት?» አሉን። ተያየን። ለካ ከውሃ መስመር በታች ያለ ቀዳዳ ሁሉ የራሱ መዝጊያ አለው፤ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት፣ የሳህን ማጠቢያው፣ የሽንት ቤቱ መግቢያና መውጫ። በደረታችን እየተሳብን አንድ በአንድ ፈለግን፣ በእጃችን እየዘጋን ከፈትን። አንዱ አልንቀሳቀስ አለ። ሌላው ይዞራል፤ ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቁት ግን ቢጫ መሆን የነበረበት ብረት ሮዝ ሆኖ ታየ። «ይሄ የቤት ቧንቧ ናስ ነው። ጨው ውሃ ዚንኩን በልቶ ቀፎውን ነው የተወው። አንድ ቀን እጅሽ ላይ ይሰበራል» አሉኝ። ጀልባዋ ገና የብስ ላይ ስለነበረች ሁለቱም በነሐስ ተቀየሩ። ቱቦዎቹ በማይዝግ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ሁለት ሁለት ታሰሩ፤ በየመዝጊያው አጠገብም ድንገት ቢሰበር የሚወተፍ የእንጨት ውታፍ በገመድ ተንጠለጠለ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሞተሩ የዞሩት። የውጭውን ውሃ የሚስበውን ትንሽ ፓምፕ ክዳን እኔን አስፈቱኝ፤ እሳቸው ትከሻዬ ላይ ሆነው ያያሉ። ውስጡ ያለችው የጎማ መዘውር ስድስት ክንፍ ሊኖራት ሲገባ ሁለቱ የሉም። በቃ አዲስ እንግዛ አልኩ። «የጠፉትስ የት ሄዱ?» አሉ። ተቆርጦ የወደቀ ጎማ ውሃውን ተከትሎ ሄዶ የማቀዝቀዣው ጠባብ ቱቦዎች አፍ ላይ ይሰካል፤ አዲሷ ብትገባም ሞተሩ መጋሉ አይቀርም። ቱቦውን ፈታን። አንዱ ቁራጭ መታጠፊያው ላይ ተገኘ፣ ሌላው ማቀዝቀዣው በር ላይ ከደለል ጋር ተለጥፎ። ጋሼ ሁለቱን ከአሮጌዋ መዘውር ጋር አጋጥመው ምንም እንዳልቀረ ካዩ በኋላ ነው ክዳኑ እንዲገጠም የፈቀዱት። «ነገ ተነሱ» ስላለን ሰው ያኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሌላውን ላሳጥር። የቤዩ ውሃ ጨዋማና ጨው አልባ የተደባለቀበት ስለሆነ፣ ለሌላው ብረት ቤዛ ሆና የምትበላው ቁራጭ ከዚንክ ወደ አሉሚኒየም ተቀየረች። ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ዋናው ማብሪያ ቢጠፋም እንዲሠራ በፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ተያያዘ። ቺንጋውም ተቀየረ።

በጣም የወደድኩላቸው ግን የማያስፈልገንን አለማስገዛታቸው ነው። ባለቤቴ ራዳር ሊያዝ ካርዱን አውጥቶ ነበር። «መጀመሪያ መልህቅህን አሳየኝ» አሉት። መልህቁ ለጀልባዋ ትንሽ፣ ሰንሰለቱም አጭር ነበር፤ የራዳሩ ገንዘብ እዚያ ዋለ። መልህቁን በገመድ ጥላችሁ ስታድሩ የውሃውን ጥልቀትና የጀልባዋን አፍንጫ ከፍታ ደምራችሁ ገመዱን ሰባት እጥፍ ልቀቁ ያሉን እስካሁን ጆሯችን ውስጥ አለ። ምሰሶውን የሚወጥሩትን ሽቦዎች ደግሞ «ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ባለሙያ ላኩን። እንዲህ የሚል ባለሙያ ዘንድሮ ስንት አለ?

ወረቀትም ሳይቀር ጠየቁን። ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ 1 ቀን 1972 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የተወለደ ሰው የጀልባ ትምህርት የምስክር ወረቀት ሳይኖረው መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። ጀልባ ስትገዙም ስቴቱ 5 በመቶ ቀረጥ እንደሚያስከፍል አስቡበት። የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጠባቂ) በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የሕይወት ጃኬቱን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የጭንቅ ጊዜ መብራቱን በነጻ ያዩላችኋል፤ የጎደለ ቢያገኙም አይቀጡም።

አሁን ጋሼ ጠገኑልን ብቻ ሳይሆን «አስተማሩን» የምለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብለዲ ፖይንት አካባቢ ቤዩን ስንሻገር ነፋሱ ጠንከር አለ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን አንገላታት፣ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አቃስቶ ጠፋ። ጋሼ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ አሮጌ የናፍጣ ታንክ ሥሩ የተኛው ዝቃጭ ሲናወጥ ተነስቶ ማጣሪያውን ይደፍናል። እኔ በፊት ሸራዋ ብቻ ጀልባዋን አቅጣጫ አስያዝኳት። ባለቤቴ ታች ወርዶ ማጣሪያውን ቀየረ፣ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ፓምፑ ናፍጣውን ገፋ፣ ከዚያ አጠበቃት። ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ላይ ሳለን ጋሼ መብራት አጥፍተው ይህንኑ ደጋግመው አሠርተውት፣ እሱም አኩርፎ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ሰው አይሆኑም። ቁልፍ ሰጥታችሁ «ሲያልቅ ደውሉልኝ» ማለት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እሳቸው ባለቤቱ ሳይኖር አይነኩም፣ እጃችሁም ግራሶ ይነካል። ይቆጣሉ። እሑድና በዓል አይሠሩም። ሞተር ሥር ከገቡ ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ብትልኩ ይሻላል። የጉልበት ዋጋቸው ሌላ ቦታ ከተጠየቅነው ግማሽ አይሞላም፤ ዕቃውን ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ ደረሰኙም ከእናንተ ጋር ይቀራል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቡናው ጀልባዋ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቀኑን እርስዎ ይቁረጡ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። ለሚቀጥለው በጋ ያሰባችሁ ግን ጥርና የካቲት ሳያልፉ ያዟቸው፤ ሚያዝያ ከገባ ጀልባው ሁሉ ውሃ ለመግባት ስለሚሰለፍ አታገኟቸውም።