ለአሳ ኩሬ የትኛው ክትባት? ባለ ዘይቱ ወይስ ባለ ፕሮቲኑ

ሐይቅ ዙሪያ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የሚያረቡ ወዳጆቼ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ባለ ዘይቱን እናስመጣ ወይስ ባለ ፕሮቲኑን እንጠብቅ?» ባለ ዘይቱ፣ እንዲበረታ ዘይት የተቀላቀለበትና አሳው በመርፌ የሚወጋው ክትባት ነው፤ ባለ ፕሮቲኑ ደግሞ በዘይቱ ፈንታ ፕሮቲን የሚገባበት። የኔ መልስ ዘይቱ ነው።

ፕሮቲኑን አልንቅም። ብዙ ባክቴሪያዎች የሚዋኙበት ጭራ አላቸው፤ ጭራው የተሠራበት ፕሮቲን ፍላጀሊን ይባላል። የአሳ ሰውነት ፍላጀሊን ሲያገኝ ወራሪ እንደገባ ቆጥሮ መከላከያውን ይቀሰቅሳል። ተመራማሪዎችም ክትባቱ እንዲበረታ ይቀላቅሉታል። ዘይቱ የአሳውን ሆድ ዕቃ እርስ በርሱ ያጣብቃል፣ እድገትም ሊያዘገይ ይችላል። ፕሮቲኑ ቢተካው ይህ ጣጣ ይቀንስ ነበር። ግን አብዛኛው ገና ምርምር ላይ ነው። ፕሮቲን አምርቶ ማጣራት ደግሞ ብር ይበላል። በመኖ ይሰጥ ቢባል የቆሮሶ ጨጓራ አሲዱ ብርቱ ነው፤ ይፈጨዋል። መሸፈኛ ይሠራለት ከተባለ ያም ሌላ ወጪ።

ዘይቱ ተፈትኗል። ኖርዌይ በ1987 እ.ኤ.አ. ለእርባታ አሳ 48 ቶን ገደማ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ባለ ዘይቱ ክትባት ከተስፋፋ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ወደ ጥቂት ቶን ወረደ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። «ብልቃጡ ስንት ነው?» አትበሉ። «ለአንድ አሳ ስንት ይወድቃል?» በሉ። ለአንድ አሳ 0.05 ሚሊ ሊትር የሚወጋ ከሆነ፣ 500 ሚሊ ሊትር ለ10,000 አሳ ይበቃል። እናንተ ያላችሁ 1,000 ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ብቻችሁን ከገዛችሁ ዘጠኝ እጁን ደፋችሁት ማለት ነው። ለአንድ አሳ የወጣው ዋጋ አሥር እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ መርፌ አለ፣ በረዶ አለ፣ የወጊው አበል አለ። አሳውን ለማደንዘዝ የቅርንፉድ ዘይትም ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ፎርጅዱ ነው። አንድ ጓደኛዬ «የፕሮቲን ክትባት» ብለው የሸጡለትን ብልቃጥ አሳየኝ። ባች ቁጥር የለው፣ የማብቂያ ቀን የለው። ለየትኛው በሽታ እንደሆነም አልተጻፈበትም። ያለ በረዶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የመጣው። የገዛው ስለረከሰ ነበር። ኩሬው ውስጥ ጨመረው፤ አሳው ግን መሞቱን አላቆመም።

እውነተኛው ዘይትም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፍሪዘር ውስጥ ያደረውን በብርሃን ስታዩት እንደ ወተት የነጣው ነገር ተለያይቶ፣ ዘይቱ ከላይ ውሃው ከታች ይሆናል። ብታናውጡት አይመለስም። ሻጩ «ችግር የለውም» ቢላችሁ ጥላችሁት ሂዱ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ የቆየው፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ደግሞ በሽታውን ሳታውቁ አትግዙ። አሳው ዓይኑ ከጎረጠና እየተሽከረከረ ከዋኘ ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላል። ሌላ ባክቴሪያ ከሆነ ግን የዚያ ክትባት አይረዳችሁም። ናሙና ከመላካችሁ በፊት ኮምቦልቻ ያለውን የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ የአሳ ናሙና ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። የታመመ አሳ አይከተብም፤ በሽታው ከመግባቱ ሳምንታት ቀድሞ ጤነኛው ነው የሚወጋው።

ስለዚህ የአሳ ጫጩቶቻችሁን በአንድ ሰሞን አስገቡ። ከጎረቤት ባለ ኩሬዎች ጋር ብር አዋጡና ፈቃድ ካለው አስመጪ አንድ ብልቃጥ እዘዙ። በአንድ ቀን፣ ከኩሬ ኩሬ እየዞራችሁ ወግታችሁ ጨርሱት።