አስም ላለበት ልጅ የፍሉ ክትባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የልጆች ክሊኒክ

አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይሄን ክሊኒክ ከልቤ ነው የምመክራችሁ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ የፍሉ ሾት ወስዶ አያውቅም ነበር፣ ነርሷ ካርዱን ገና እንዳየች ከ9 ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ 2 ዶዝ ያስፈልገዋል፣ በመሃል ቢያንስ 4 ሳምንት ነው ብላ ሁለተኛውንም ቀጠሮ እዛው ያዘችልን። መርፌ ስለሚፈራ በአፍንጫ የሚረጨው ይሰጠው ስላት በዚህ ዕድሜ አስም ላለበት ልጅ እሱ አይሰጥም ብላ ረጋ ብላ አስረዳችኝ፣ ከዛ አረፋ እንዲነፋ ሰጠችውና እሱ እየነፋ እያለ ወግታው ጨረሰች፣ እጇ ይባረክ!

ዶክተሯ ደግሞ አትቸኩልም። ስፔሰሩን (የአስም መድኃኒት መንፊያው ላይ የሚገጠመውን ቱቦ) ተቀብላ አየችውና በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ እንዲሁ ይድረቅ፣ ውስጡን በጨርቅ አትወልውሉት መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል አለችን። ደህና ሲሆን፣ ሲጀምረውና ሲብስበት ምን እንደሚደረግ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሚያሳየውን የአስም ፕላን ለቤትም ለትምህርት ቤቱ ነርስም ጽፋ ሰጠችን። ትኩሳትና ሳል ከጀመረው በዛው ቀን ደውሉ፣ የፍሉ መድኃኒት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው አለች፣ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ስልክ ላይ በጣም ያስጠብቃሉ፣ ልጁ ታሞ ለሚደውል ወላጅ ይሄ ከባድ ነው ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች ክትባቱን በነፃ የሚያቀርብ የመንግሥት ፕሮግራም ስላለ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፣ 2 ዶዝ የሚያስፈልገው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ኦክቶበር መጨረሻን አትጠብቁ።