ጂሲዎች (የዘንድሮ ተመራቂዎች)፣ ለምረቃ ፎቶ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ምረቃ ሲቃረብ ግቢው በፎቶ ፓኬጅ ማስታወቂያ ይሞላል። «ኤዲቶሪያል ፖርትሬት፣ ጋዋን ከኛ፣ ሦስት ፍሬም፣ አንድ ትልቅ ላሚኔት፣ ሶፍት ኮፒ በነጻ።» ዋጋው ደስ ይላል፣ የክፍል ተወካዩ ስም ይመዘግባል፣ ቀብድ ይሰበሰባል። ወጥመዱ «ሶፍት ኮፒ በነጻ» የምትለዋ ላይ ነው። ፍሬም ይሰበራል፣ ላሚኔት ይላጣል፤ ፋይሉ በእጃችሁ ካለ ሁሉንም እንደገና ታሳትማላችሁ፣ ከሌለ ግን አለቀ።

ሶፍት ኮፒው ምን ዓይነት እንደሆነ ካልተጻፈ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይላክላችኋል። ቴሌግራም እንዲህ ሲላክበት በተለምዶ የምስሉን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ስልክ ላይ ሲታይ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ጥሩ ሕትመት ግን በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል፤ 1280 ፒክስል በዚህ ጥራት የሚሸፍነው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቤተሰብ ሳሎን ለሚሰቅለው 30 በ40 ሴንቲሜትር ፎቶ 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል። ትልቁን ፋይል ስትጠይቁ «እሱ ለብቻው ይከፈልበታል» ትባላላችሁ። ያኔ ደግሞ ሒሳቡ ተከፍሎ አልቋል፣ ተመራቂውም ሻንጣውን ሸክፏል።

ስለዚህ ስምምነቱ ላይ «የተመረጡት ፎቶዎች በሙሉ መጠናቸው፣ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንደ ፋይል» ተብሎ ከነብዛታቸው ይጻፍ። ስትረከቡ የፋይሉን ዝርዝር ከፍታችሁ ፒክስሉን አንብቡ። ትንሽ ፋይል በሶፍትዌር ተለጥጦ ሊያድግ ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ አትርኩ። ምስሉን አጉሉና የዓይን ሽፋሽፍቱን እዩ። አንድ በአንድ ካልተለየና እንደ ጥቀርሻ ከተድበሰበሰ ፋይሉ ተለጥጧል።

ሁለተኛው ማታለያ ናሙናው ነው። የሚያሳዩአችሁ ፎቶ አንድን ሰው ብቻውን፣ በጥሩ ብርሃን፣ ጊዜ ወስደው ያነሱት ነው። እናንተ የምትገዙት ግን ሌላ ነው። 40 ተማሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለአንድ ፎቶ አንሺ ከተመዘገበ ለእያንዳንዱ 9 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ጋዋን መቀያየሪያው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ግማሹ ተማሪ የሚነሳው ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። በዚያ ሰዓት የቆቡ ጠርዝ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ ከታች ብርሃን የሚመልስ ሪፍሌክተር ካልተያዘ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ጥቁሩ ጋዋንም ካሜራውን ያሳስታል፤ አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ጥቁሩን ለማፍካት ብርሃን ይጨምርና ግንባርና ጉንጭ ይነጣል። ነጥቶ ዝርዝሩ የጠፋ ቆዳ በኤዲት አይመለስም። ኤዲተሩ ያለው አማራጭ ፊቱን በማለስለሻ መቀባት ስለሆነ ፊት ሌላ ሰው፣ አንገትና እጅ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ናሙና ስታዩ ፊትንና ዲፕሎማ የያዘውን እጅ አስተያዩ፤ ቀለማቸው ከተለያየ ሥራውን አወቃችሁት።

ምርጥ ምርጡን ሳይሆን ባለፈው ዓመት ለአንድ ተመራቂ የተሰጠውን ሙሉ ስብስብ አሳዩን በሉ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጠይቁ። ክረምት ከገባ ደግሞ ዝናብ ቢጥል ተለዋጭ ቀኑ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ጋዋኑን አስቀድማችሁ ለኩት፤ የተጨማደደ ከሆነ ካውያ ሳይነካው ካሜራ ፊት አትቁሙ፣ ጭምድዱን በኤዲት ማጥፋት ከባድ ነው።

ላሚኔቱን ስትረከቡ ጠርዙን በጥፍር ንኩት። ፎቶው የተለጠፈበት ኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ የላላ ጠርዝም ከዚያ ይላጣል።

ቀብድ ቢበዛ ሲሶውን ስጡ፤ የመጨረሻው ክፍያ ፋይሉን ካያችሁ በኋላ ይሁን። ገንዘቡ በተወካዩ ቴሌብር ከገባ ስቱዲዮው «ከእናንተ አልተቀበልኩም» ለማለት ይመቸዋል፤ ስለዚህ በቀጥታ ለስቱዲዮው ክፈሉና ቀብድ የሚል ደረሰኝ ያዙ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተባለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ፎቶ አንሺው የተሻለ ሥራ አግኝቶ በቀጠሯችሁ ቀን ቢሰርዛችሁ ይህን አንቀጽ ጥቀሱለት። ፎቶውን አበላሽቶ ያስረከበ ግን ውሉን ስላልተወ በዚህ አይያዝም፤ እሱን የምትይዙት በተጻፈው የፒክስል መጠን፣ የፎቶ ብዛትና የማስረከቢያ ቀን ነው።

ፎቶአችሁ ለማስታወቂያ እንዲውል የማትፈልጉ ከሆነም እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩት። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዲታይ ወይም እንዲሸጥ አይፈቅድም። በደቃቅ ፊደል «ፎቶዎቹን ለማስታወቂያ መጠቀም ይቻላል» የምትል መስመር ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አሰርዟት።